ከስምንት ዓመት በኋላ ስለሚደርስ መከራ

ለክቡር የስደተኞች ማመልከቻ መርማሪ ሹም፣
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣ እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ የሰኔው ወበቅ ከቢሮዎ እንዳይገባ፣ ከራስዎ በላይ የሚዞረውም ማራገቢያ እንዳይቆም እለምናለሁ። እኔ በከዚራ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ የምጽፍ፣ ሚስቴን የቀበርኩ፣ ዳዊት ደግሜ አራተኛ ክፍል የደረስኩ ሰው ነኝ።

ወይዘሮ ፋዱሞን ያውቋታል። ባሏ ጅቡቲ ላይ ተይዞ ደብዛው ሲጠፋ፣ እሷም የመባረሪያ ወረቀት ተሰጥቷት፣ ዓይናቸው የደከመውን አባቷን ዒልሚን እየመራች በባቡር መጥታ እዚሁ መጋላ ሰፈር የተጠጋች ናት። ጥገኝነት የጠየቀችበትን ማመልከቻ የጻፍኩላት እኔ ነኝ። እርስዎ ውድቅ አደረጉት፤ ቅዳሜ በሚነሣው ባቡር ከአባቷ ጋር ትመለስ ተብሏል። ፍርድ ቤቱ ጉዞዋን እንዲያዘገይላት ያቀረበችው አቤቱታ ዓርብ ይሰማል። ስለዚህ ምስጋናዬን ቶሎ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። የፈረንሳይኛውን ወረቀት ቀን እንዳለ ገልብጬ «መጋቢት 20 ቀን 1967 ተባረረች» ብዬ ስጽፍ፣ «በፈረንጅ አቆጣጠር» ማለቱን ዘለልኩ። እርስዎም ዘንድሮ ገና 1959 መሆኑን አስታውሰው፣ አመልካቿ ከስምንት ዓመት በኋላ የሚደርስባትን መከራ ከወዲሁ ሸሽታለችና አያስቸኩልም ሲሉ ወሰኑ። ጸሐፊዎ ውሳኔውን ሲሰጠኝ «አባባ፣ ነቢይት ነው እንዴ ያመጡልን? የዘንድሮን ዝናብ ይጠይቁልን» ብሎ አሳቀብኝ። ከወንበርዎ ጀርባ የተሰቀለው ካላንደር ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ይዟል፤ ዞር ብሎ ማየት አንገት እንደሚያሳምም ግን አልክድም።

፪ኛ፦ ወረቀቱ ተመልሳ ብትገኝ ትታሰራለች ይላል። ይህን በትክክል ገልብጬው ነበር። ቁጥር ስለሌለበት ይሆናል ያለፉት።

፫ኛው የእርስዎ አይደለም። ስህተቴን ያወቅሁት ማመልከቻው በገባ በሳምንቱ፣ የራሴን ቅጂ ሳነብ ነው። ከተቀመጥኩበት እስከ ቢሮዎ መቶ እርምጃ አይሞላም። አልሄድኩም። ቀን የማያውቅ ጸሐፊ እንዳልባል ፈራሁ፤ እነሱ ማየታቸው አይቀርም ብዬም ኃጢአቴን በእርስዎ ትጋት ላይ ጣልኩ። አሰገደች፣ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብትኖር ዝም አታሰኘኝም ነበር፤ ጾም የሚገባበትን ቀን እንኳ ስሳሳት የምታርመኝ እሷ ነበረች። ዛሬ የሰኔ ጾም ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከእህል የጾምኩት ሦስት ቀን፣ ከእውነት የጾምኩት ሁለት ወር ነው።

የንስሐ አባቴ ለበደልካት ለራሷ ንገር ቢሉኝ ትናንት መጋላ ሄጄ ነገርኳት። ብትሰድበኝ በቀለለኝ። «አቦ ወልደጻድቅ፣ አንተ የሳትከው ቀን ነው። እነሱ እኔን አይተውኛል እኮ፣ ፊታቸው ቆሜ» አለችኝ። አባቷም «ቅዳሜውስ የእናንተ ነው የፈረንጅ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አጣርቼ እመለሳለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ዓርብ ከዳኛው ፊት ቀርቤ ስህተቱ የእኔ መሆኑን እምላለሁ። ከእርስዎ የምለምነው ነገረ ፈጅዎ እንዳይቃወም ብቻ ነው። ዝም ማለት እንደማያስቸግር እኔ ምስክር ነኝ።

በእርስዎ ትጋት ተማምኖ ሰው የበደለ፣
ጥፋቱንም በፊርማው የሚያጸና ትሑት አገልጋይዎ፣
ወልደጻድቅ ሀብተ ማርያም
ረቡዕ ሰኔ 14 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር

ተጨማሪ፦ ከፊርማዬ ሥር ያለውን አቆጣጠር አስምሬበታለሁ። በፈረንጅ ካነበቡት ደብዳቤው ከስምንት ዓመት በፊት የተጻፈ ይመስልዎታል፤ ይህን ያህል መልስ ሳያገኝ የኖረ ወረቀት ደግሞ ለቢሮዎ እንግዳ አይደለም። ለሽማግሌው ግን መልሱን ይዤ እሄዳለሁ፦ ቅዳሜ በሁለቱም ቅዳሜ ነው።