ጨው ቅመሺልኝ

የካቲት 3፣ እሑድ
ትልቁን ድስት ጣድኩ። ምስር፣ ካሮት፣ ድንች። ሲበስል ቅቤና የዱቄት ወተት ጨመርኩበት። አጃውንም በወተትና በለውዝ ቅቤ ሠራሁ። አክስቴን ቤቷ እየመጣች የምታያት ነርስ እንዳለችው... በትንሽ ጉርሻ ብዙ ጉልበት። አሥራ አራት የፕላስቲክ ዕቃ ሞላ፤ ለቀን ሁለት ሁለት። ክዳናቸው ላይ ቀኑን ጻፍኩ። መስኮቱ በእንፋሎት ታውሯል። ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።
አመሻሹ ላይ ዕቃዎቹን ለአክስቴ አደረስኩ። ያሳደገችኝ እሷ ናት።
"ሠርግ አለ እንዴ? ይሄን ሁሉ ማን ሊበላው ነው?"
"አንቺ ነሻ።"
ሳቀችብኝ።

የካቲት 7
ነርሷ መጥታ መዘነቻት። አርባ አንድ ኪሎ። ከአርባ ከወረደች ሆስፒታል ተኝታ በአፍንጫዋ የምግብ ቱቦ ይገባላታል። አክስቴ ሰማች። "ከቤቴ ንቅንቅ አልልም" አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።
ፍሪዘሩን ከፈትኩ። የጎደለው አንድ ዕቃ ብቻ።
"ምን በልተሽ ነው የምትውይው?"
"በሕልሜ በላሁ።"
"ምን?"
"እንጃ... ሙቅ ነገር ነበር። ጠግቤ ነቃሁ።"
ፍሪዘሩን መልሼ ዘጋሁት።

የካቲት 10፣ እሑድ
ሳህን ሞልቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። "ገና ሳየው ጠገብኩ።" ሦስት ማንኪያ... በቃ። ለመንኩ። ከዚያ ጮህኩባት።
"አንተን ሳበላህ እንዲህ ጮኼብህ አውቃለሁ?"
አፈርኩ።

የካቲት 15
የምሠራበት መነጽር ቤት ውስጥ ዛሬም የመጣው ሁሉ "ደበዘዘብኝ" አለኝ። መስታወት ስወለውል ዋልኩ። እኔም ደብዝዞብኛል... ቱቦው ብቻ ነው ጥርት ብሎ የሚታየኝ።

የካቲት 17፣ እሑድ
ምድጃዬ ተበላሸ። ድስቱን ታቅፌ እሷ ቤት ሄጄ ጣድኩ። ጨው ጨምሬያለሁ? አልጨመርኩም? ጠፋኝ።
"አክስቴ፣ እስቲ ጨው ቅመሺልኝ።"
ከአልጋዋ ወረደች። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ መጣች። ጭልፋውን ከእጄ ነጠቀችኝ።
"ምነው እንዲህ አልጫ! እጅህ ምን ነካው?"
ጨመርኩ። ደግማ ቀመሰች። "ትንሽ ይቀረዋል።" ሦስተኛ። "አሁን ደግሞ ድንቹን ልየው..." አራተኛ። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፍኖታል፤ የሚታየኝ አፏ ብቻ። አምስት ጭልፋ ቆጠርኩ!
"በይ ቁጭ በይና ብዪ" አልኩ። ሞኝ።
ጭልፋውን አስቀመጠች። "አልራበኝም።"
መብላት አይሆንላትም። መቅመስ ግን...

የካቲት 18
ከሥራ በቀጥታ እሷ ዘንድ። ትንሽ ድስት። ጨው የለውም፤ ሆን ብዬ። አራት ጭልፋ።

የካቲት 23
ስድስት። "እናትህም ጨው አይሆንላትም ነበር። በዘራችሁ ነው" አለች። እናቴ ትስማ።

የካቲት 26
አልተነሳችም። ብጠራት "ዛሬ ራስህ እወቀው" አለች። ጭልፋውን አልጋዋ ድረስ ይዤ ሄድኩ። መጋረጃው በነፋስ ይነፋል፣ ይሟሽሻል... ዓይኗን ሳትገልጥ፣
"ወጥ ቤት ውስጥ ነኝ እንዴ?"
"አዎ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነሽ።"
ዋሸሁ። አፏን ከፈተች።
"በርበሬ ቢጤ ጣል አድርግበት" አለችና ተኛች። ጭልፋውን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

መጋቢት 8
ነርሷ ሁለቴ መዘነቻት። አላመነችም። አርባ ሁለት ተኩል!
"ሆስፒታሉ ይቅር። እማማ፣ ምን እየበሉ ነው?"
"ምን እበላለሁ ብለሽ ነው? ይሄ ልጅ በዚህ ዕድሜው ጨው መመጠን አያውቅም። እየቀመስኩ አስተምረዋለሁ።"
ነርሷ ወደኔ ዞረች። ጣራ ጣራውን አየሁ።
አክስቴ፣ ነርሷ ወጥታ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። ከዚያ እጅጌዬን ጎተት አደረገችኝ።
"ስማ... ነገ አጃ ነው የምትሠራው?"
"አዎ።"
"ስኳሩን ርሳው።"