ዛፉ የወደቀበት ወገን

ሐሙስ፣ የካቲት 1978

ዛፉ ዛሬም አልወደቀም። የወደቀው የመጥረቢያው ራስ ነው። ገና ሁለት ሦስቴ እንደሰነዘርኩ ከዛቢያው ተስፈንጥሮ ሄዶ የእቴቴ የሺ ጎመን መደብ ውስጥ ተቀበረ። ሰው አልነካም፤ ተመስገን።

እቴቴ በረንዳው ላይ ቆመው ያዩ ነበር። «አይ ሳህሌ፣ አንተ እስክሪብቶህን ያዝ» አሉኝ። በክፋት አይደለም። በክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ደምሴ የመጥረቢያውን ራስ ከጎመኑ መሀል ፈልጎ አወጣው። ዛቢያው ላይ መልሶ ሰካው፤ ስንጥር እንጨት መታበት፤ ከዚያ ባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈው። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ብረቱን አንቆ ይይዘዋል አለ። እቴቴ «እጅ ያለው ሰው እንዲህ ነው» አሉ። እኔ እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

እቴቴ የአባቴ እኅት ናቸው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እዚሁ ልደታ፣ በዚሁ ግቢ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ደምሴ ደግሞ የሟች ታናሽ እኅታቸው ልጅ ነው። በታኅሣሥ ከሰላሌ መጣ። ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ፣ በሌሊት ጠፍቶ፣ መሸኛ የለው፣ መታወቂያ የለው። ከመጣ ጀምሮ የግቢውን በር አልተሻገረም። ቀበሌ ቢያገኘው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። አናወራውም።

እኔ እቴቴን ዕድሜዬን ሙሉ «እርስዎ» ስል ኖሬያለሁ። እሱ በሳምንቱ «አንቺ» አላቸው። ወደዱለት።

ባሕር ዛፉ ወደ ቤቱ ጣሪያ ካዘነበለ ቆይቷል። ግን የሚቆረጠው ለዚያ ብቻ አይደለም። በእንጨቱ ከጓሮ አንድ ክፍል ይሠራል። ለማን እንደሆነ አልተናገሩም። እኔና ጸዳለ ከተጋባን ጀምሮ በአንዲት ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነን፤ አልጋው ጠረጴዛዬን ይነካል። አልጠየቅሁም። ይህ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ይልቅ ደምሴ ጓሮውን በእርምጃ ሲለካ አየሁት።

ዓርብ

ዘዴው የእቴቴ ነው። የቀበሌው የመቁረጫ ፈቃድ የተሰጠው በእኔ ስም ስለሆነ፣ ከመንገድ የሚታየው ቆራጭ እኔ መሆን አለብኝ። ስለዚህ መሰላል ላይ ወጥቼ፣ ከአጥሩ በላይ ከወገቤ ተቆርጬ እየታየሁ፣ በትንሹ መጥረቢያ ቅርንጫፍ እመታለሁ። ደምሴ ከቆርቆሮ አጥሩ ሥር ተደብቆ በትልቁ ግንዱን ይቆርጣል። እኔ ስሰነዝር እሱም ይሰነዝራል። ክንዱ የእኔ፣ ድምፁ የእሱ።

ረፋዱ ላይ ቅርንጫፉ አለቀብኝ። ባዶ አየር መምታት ጀመርኩ። ድምፁ ግን ከሥር ይመጣል፤ ደረቅ፣ ወፍራም፣ የታመነ ድምፅ። እውነት ለመናገር ለጥቂት ጊዜ ደስ አለኝ። ያ ድምፅ ከእኔ የወጣ መሰለኝ።

ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሙዘይን ወንበራቸውን ደጅ አውጥተው ተቀምጠው ያዩኛል።

«ሳህሌ! ወላሂ አንበሳ ነህ! እኔ እኮ የቢሮ ሰው ትመስለኝ ነበር!»

«ምን ይደረግ ጋሽ ሙዘይን!»

«ቀስ በል፣ ወገብህን! ሚስትህ አለች!»

ተሳሳቅን። መሰላሉ ላይ ቆሜ የሰው ሙገሳ በላሁ። የሰው ምሳ እንደመብላት ነው፤ ይጣፍጣል፣ አያጠግብም።

ከሰዓት በኋላ የቆረጥኩት ቅርንጫፍ ዞሮ የልብስ ማስጫውን ገመድ በጠሰው። የጸዳለ ነጭ ነጠላ ጭቃ ላይ ተነጠፈ። ልትቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ደምሴ ከሥር ሆኖ አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለ ከላይ አልሰማሁም። ሳቀች። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ሳትሸፍን።

ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። በእጮኝነታችን ጊዜ የእኔ ነበር። የጠፋ መስሎኝ ነበር። ለካ አልጠፋም፤ ለእኔ አይወጣም እንጂ።

ስወርድ «ምን አለሽ?» አልኳት።

«ማን?»

«ደምሴ።»

«አይ፣ እንዲሁ ነው። ስነግርህ አያስቅም።»

መዳፌ ተላልጧል። ባዶ አየር የሰው መዳፍ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላስብም ነበር።

ቅዳሜ

ዛሬ የሆነውን መጻፍ አለብኝ። በቅደም ተከተል ልሞክር።

ግንዱ ወደ ጎመን መደቡ እንዲወድቅ ደምሴ በዚያ በኩል ጎኑን ቦርቡሮታል። ገመዱን ከላይ አስሮ ጫፉን ለእኔ ሰጠኝ። ሥራዬ አንድ ነው፤ «ሳብ!» ሲለኝ መሳብ። ከጀርባ ጥቂት መታ ያደርግና ይጮኻል፣ እኔ እስባለሁ፣ ዛፉ ይተኛል። «ከዘገየህ ዞሮ አጥሩ ላይ ነው የሚሄደው» ብሎኛል። ሁለቴ ብሎኛል።

በመሀል ፍቅፋቂ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ጸዳለ የነጠላዋን ጫፍ በምላሷ አርሳ ዓይኑን ጠረገችለት። አገጩን በሌላው እጇ ይዛ ነበር። ምንም አይደለም፤ ለማንም ታደርገዋለች። ለእኔ ግን አድርጋ አታውቅም፤ መነጽር አለኝ።

ተመልሶ መታ። «ሳብ!» አለ።

ሰማሁ። ሰምቼ ቆየሁ። ምን ያህል? አንድ ትንፋሽ። ዓይኔ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ነበር።

ስስብ ገመዱ ባዶ ነበር። ዛፉ በጉቶው ላይ እንደሚደንስ ሰው ዞረና በመንገዱ በኩል ያለው ቆርቆሮ አጥር ላይ ተጋደመ። አጥሩ ከነቋሚው ሄደ። አቧራው ሲበን መንገዱ ግቢያችን ውስጥ ነበር። ጋሽ ሙዘይን ከወንበራቸው ተነስተዋል። ልጆች እየሮጡ ይመጣሉ። ከልጆቹ ኋላ መሣሪያ ያነገተ የቀበሌ ተረኛ ጥበቃ።

ደምሴ ከጉቶው አጠገብ፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን፣ መጥረቢያ ይዞ ቆሟል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ደብቀን ያኖርነው ሰው፣ ከነሙሉ ቁመቱ፣ ፀሐይ ላይ።

እቴቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔን ነው ያዩት። እሱን አይደለም።

ጥበቃው «እሱ ማነው?» አለ።

ማሰቤን አላስታውስም። ገመዱን ጣልኩና ደምሴ ላይ ጮኽኩበት።

«አንተ ከብት! ዓይንህ አያይም? ያመጣሁህ ዛፍ እንድትቆርጥልኝ ነው ወይስ አጥሬን እንድታፈርስ? በላህ፣ ጠጣህ፣ ሰው ግቢ ገብተህ እንደ ባለቤት ተንጎራደድክ! ቤቱ ያንተ መሰለህ? ሁሉ ሰው ስለሳቀልህ ሁሉ ሰው የወደደህ መሰለህ? ሁለት ወር ሙሉ...»

ምላሴን ነከስኩ።

«...ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃ ስትጋት! ዕቃህን ያዝና ከዓይኔ ጥፋ! ሁለተኛ እዚህ በር እንዳላይህ!»

የደምሴ ፊት ሲገረጣ አየሁ። እያስመሰለ አልነበረም።

ጥበቃው ክላሹን ትከሻው ላይ አስተካከለና ወደ እኔ ዞረ። ወደ እኔ!

«ጓድ ሳህሌ፣ ምንድን ነው ይሄ? ወዛደር እኮ ነው! እንዲህ ይሰደባል? የነበረው ሥርዓት የቀረ አልመሰለህም?»

«አጥሬን...»

«አጥር ይተከላል። ነገ ስብሰባው ላይ ግለሂስህን ታደርጋለህ። አሁን የቀን ሒሳቡን ስጠውና ይሂድ።»

ኪሴን ዳበስኩ። ባዶ ነው። ያኔ እቴቴ ከበረንዳው ወረዱ። የመቀነታቸውን ጫፍ ፈቱ። ያለውን ሁሉ፣ ሳያዩት፣ እጁ ላይ አደረጉለትና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉለት።

«እንካ ልጄ። ላብህ ነው። የማን ልጅ እንደሆንክ ባላውቅም እናትህ ታይህ» አሉት።

የገዛ እኅታቸውን ልጅ።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አለ እሱም። ሸሚዙን ትከሻው ላይ ጣለ፤ መጥረቢያውን ጉቶው ላይ አስደግፎ፣ በወደቀው አጥር ላይ ተረማምዶ ወጣ። ጥበቃው አሳለፈው። ወደ ሜክሲኮ በኩል ቁልቁል ሲሄድ ጀርባውን እስኪጠፋ አየን። ማንም ስሙን አልጠራም።

አዳንኩት ወይስ አባረርኩት? ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሰረዝኩት። መልሼ ጻፍኩት።

እሑድ

የቀበሌው አዳራሽ። ስለ ስኳር ተወራ፣ ስለ ጽዳት ዘመቻ ተወራ። ከዚያ ተጠራሁ።

«ጓዶች፣ ትናንት አንድ የቀን ሠራተኛ ሰድቤያለሁ። ጥፋቴ ነው።»

ሊቀመንበሩ በዚህ አልረካም። «ጓድ፣ ግለሂስ ከሥሩ ነው። ለምን ሰደብከው? ምን አስተሳሰብ ነው ውስጥህ ያለው?»

ብዙ የሚባል ነገር ነበር። የንዑስ ከበርቴ አስተሳሰብ፣ የመደብ ንቀት። ሁላችንም ቃላቱን እናውቃቸዋለን፤ በየመሥሪያ ቤታችን በየሳምንቱ እንላቸዋለን። አፌ ግን ሌላ አለ፤

«ቀንቼበት ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። «በቀን ሠራተኛ ይቀናል እንዴ!» አለ አንዱ። «በሰውዬው ክንድ ነዋ! የሳህሌን አታዩትም?» አለች ሌላዋ። ሊቀመንበሩ ራሱ ሳቀና ተቀመጥ አለኝ። ተቀበለልኝ።

ከኋላ አግዳሚ ላይ እቴቴና ጸዳለ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። እነሱ አልሳቁም።

ሰኞ

እቴቴ ምሳ በእጃቸው አቀረቡልኝ፤ ዓይኔን አላዩም። እጄን ታጥቤ ስጨርስ ብቻ፣ «በደንብ አድርገህ ነው የተሳደብከው» አሉ። የማመስገን ነው? የመውቀስ ነው? ከሳቸው ሰባት ዓይነት ዝምታ ተምሬያለሁ፤ ይሄን አነጋገር ግን አላውቀውም።

ጸዳለ ነጠላውን አጥባ በአዲስ ገመድ አሰጣችው። አጠገቧ ቆምኩ።

«ገመዱ አመለጠህ ወይስ ለቀቅከው?» አለችኝ።

«ዘገየሁ።»

«እሺ።»

«ጸዳለ፣ ባልጮኽ እኮ ይወስዱት ነበር።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ጥሩ አደረግክ።» ነጠላውን ገመዱ ላይ አስተካከለችና፣ «ግን ሳህሌ፣ ለቀበሌ የተባለው የትኛው እንደሆነ፣ ከሆድህ የወጣው የትኛው እንደሆነ እኔ ለየሁት» አለች። ሄደች።

ዛፉ አሁንም አጥሩ ላይ ተጋድሟል። ያለ ደምሴ የሚያነሳው የለም። ክፍላችን ከጠዋት ጀምሮ በብርሃን ተሞልቷል፤ ዛፉ ያንን ሁሉ ፀሐይ ከልሎን ኖሯል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው አቧራ ሁሉ ይታያል።

ከሜክሲኮ ወዲያ የት ደረሰ? መንገድ ላይ መታወቂያ ቢጠይቁትስ? ሸሚዙ አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል። ይህን መቼ ነው ያየሁት?

ማክሰኞ

ጋሽ ሙዘይን ሱቅ ክብሪት ልገዛ ገባሁ። ሰው እስኪወጣ ጠበቁ። ክብሪቱን ሲያቀብሉኝ እጄን ያዙ።

«ልጁ ደህና ነው። የቅዳሜውን ሌሊት እኔ ዘንድ አደረ። በማግሥቱ የእኅቴ ባል መኪና ወደ ቡታጅራ ይወርድ ነበር፣ ከጭነቱ ጋር ሄደ። እዚያ የሚያርፍበት ሰው አለኝ።»

ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። «እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«ኧረ ተው ሳህሌ! አንተ ገና መጥረቢያህን እያነሳህ ድምፁ ይመጣል! ከዓርብ ጀምሮ በሳቅ ልሞት ነበር። ታዲያ የጮኽኩልህ ለማን ይመስልሃል? ላላፊ አግዳሚው እንዲሰማ ነው እንጂ!»

አንበሳ ያሉኝ ለዚያ ኖሯል። ሙገሳውም የእኔ አልነበረም። ሳቅኩ። ከዓርብ ወዲህ መጀመሪያዬ ነው።

«ለእኔ የላከው ነገር አለ?»

«ይቅር ብዬዋለሁ በሉት ምናምን አላለም። አልዋሽህም። መጥረቢያውን ማታ ማታ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ አለዚያ ይወልቅባችኋል ብሏል።»

ሮጬ ገብቼ ለእቴቴ ነገርኳቸው። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው ለረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ሲገልጡ አሁንም እኔን አይደለም ያዩት፤ በፈረሰው አጥር በኩል መንገዱን ነው። ሳላስበው ጠየቅኋቸው፤

«እቴቴ፣ ክፍሉ ለማን ነበር?»

«ለሚቀረው» አሉ።

መጥረቢያውን ከጉቶው ላይ አነሳሁ። ዛቢያው መሀሉ ላይ ለስልሷል፤ የእኔ ያልሆነ መዳፍ ያለሰለሰው። የወደቀውን ግንድ ከጫፉ ጀምሬ ልጡን መላጥ ያዝኩ። ቀስ እያልኩ። ጸዳለ ባልዲውን ውሃ ሞልታ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች፤ ወዲያውም አልሄደችም።

አመሻሹ ላይ ያ ተረኛ ጥበቃ ሲያልፍ በተከፈተው አጥር በኩል አየኝ። ቆመ።

«ጓድ ሳህሌ! ይሄን ሁሉ ብቻህን?»

ጋሽ ሙዘይን ከሱቃቸው ደጅ ያዩኛል። እቴቴ ከበረንዳው ያዩኛል። አሁን ያዩኛል።

«አዎ» አልኩት። «ብቻዬን።»