ቧንቧችን በረዶ እንዳይሆን ስለተደረገልን ጥንቃቄ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ጋሩማ ፉፋ
የቡርቃ ጨፌ ሰፈር የውኃ ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብቶችዎ፣ በግቢዎ የተተከለው ቧንቧም ጭምር ብርዱን በጤና እንደተሻገሩ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደኅና ነን። ማለቴ፣ ቧንቧዎቻችን ደኅና ናቸው።

በአደባባይ የምጽፍልዎ ምስጋና በጓዳ ሲነገር ስለሚያንስ ነው። ከምስጋናው መካከል ቅሬታ የሚመስል ነገር ቢያጋጥምዎ የአጻጻፌ ጉድለት እንደሆነ ይቁጠሩልኝ።

አንደኛ፤ ከባሕር ማዶ ሥልጠናዎ ባዶ እጅዎን ስላልተመለሱ እናመሰግናለን። በዚያ አገር ውኃ ቧንቧ ውስጥ እንዳለ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን እንደሚሰነጥቅ በዓይንዎ አይተው፣ ያው መከራ በጉቴ መንገድ ዳር ለምንኖረው ለእኛም እንዳይደርስ አሰቡልን። በታኅሣሥ መግቢያ በየደጃፋችን ያስለጠፉት ማስታወቂያ ሁለት ነገር ያዝዝ ነበር። ቧንቧው በጥቂቱ ክፍት ሆኖ ይዋል ይደር፤ ደግሞም በወፍራም ጨርቅ ይጠቅለል። በረዶ ከሰማይ ሲወርድ እንጂ ቧንቧ ውስጥ ሲረጋ ያየ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ቢሆንም ሩቅ አገር ደርሶ የመጣ ሰው ያመጣውን ነገር ፊቱ ላይ መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ነውና ሁላችንም ጨርቅ ፈለግን። ሙቀት ከቤት አስወጥቶ ዛፍ ሥር የሚያስተኛቸው የአንገር ጉቲን ዘመዶቻችን እንኳ ወሬውን ሰምተው ቧንቧችን እንደምን እንደሆነ በሰው ጠይቀውናል።

ሁለተኛ፤ ስለ አዴ ድርቤ።

አዴ ድርቤ ጎረቤቴ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ማስታወቂያውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። በደንብ፣ ቃል በቃል ነው ያነበብኩት። እሳቸውም የባላቸውን ቡሉኮ ከሣጥን አውጥተው በጓሮ ግድግዳቸው ሥር ያለውን ቧንቧ ከነአፉ ጠቀለሉት። ቡሉኮው ለእርስዎ ለራስዎ አይሻልም ወይ ብላቸው፣ “ቧንቧው ከእኔ ይልቅ ይበርደዋል ካሉ ምን ላድርግ? አይተው የመጡት እነሱ” አሉኝ።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ግን መቼ እንደሆነ ለእኛ አይነገረንም። ስለዚህ ከድሮም ቧንቧችንን ከፍተን ከሥሩ ባዶ ጀሪካን እናስቀምጣለን። ውኃው ሲመጣ ጀሪካኑ ይጮኻል፤ ሰው ይሮጣል። ሰዓታችንም፣ ደወላችንም፣ ማስታወቂያችንም ይኸው ጩኸት ነበር። ቡሉኮ ሲጠመጠምበት ውኃ እንደማይጮኽ ግን አንዳችንም አላሰብንም። ውኃ በጨርቅ ውስጥ ሲወርድ ዝም ይላል።

ውኃው መጣ። ማኅበራችን ያን ጊዜ ብቻ ለጋስ ሆኖ ነበርና ሳይቋረጥ ሰነበተ። ቡሉኮው ጠጣ፤ ከዚያም በጀርባ በኩል ያለው የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ጠጣ። አዴ ድርቤ በፊት ለፊት ፀሐይ እየሞቁ በርበሬ ይለቅሙ ነበር፤ ምንም አልሰሙም። እኔም ከአጥሩ ወዲህ ተቀምጬ ዝምታውን ሰምቼዋለሁ። ደስ የሚል ዝምታ ነው ብዬ ነበር።

ግድግዳው አልጋቸው ላይ ተኛ። እሳቸው ደጅ ስለነበሩ አልተጎዱም፤ ለዚህ የምናመሰግነው ግን ሌላ አካል ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ስነሣ መዳፌን በራሴ ግድግዳ ላይ አሳርፋለሁ። ደረቅ ነው። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ አሳርፋለሁ።

ሦስተኛ፤ በጠቅላላ ጉባኤው ስላሰሙን ሪፖርት ልዩ ምስጋና ይድረስዎ። ዘንድሮ በሰፈሩ አንድም ቧንቧ በረዶ አልሆነም ብለዋል፤ እውነት ነው። አምናም አልሆነም፤ ግን የአምናው በዕድል ነበር፤ የዘንድሮው በሥራ ነው። ከአባላቱ አቶ ኢዶሳ ተነሥተው የአዴ ድርቤ ግድግዳስ ብለው ሲጠይቁ፣ ግድግዳ የማኅበሩ ንብረት አለመሆኑን፣ መመሪያውም ስለ ቧንቧ እንጂ ስለ ግድግዳ እንደማይናገር በትዕግሥት አስረዱን። ቀጥለውም፣ እኚህ ሴትዮ ግድግዳቸውን በወቅቱ ቢለስኑ ኖሮ ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ስላልጨረሱትም እናመሰግናለን።

አሁን ግድግዳው በነበረበት ላይ ፕላስቲክ ተወጥሯል። ነፋስ ሲመጣ ይተነፍሳል። አዴ ድርቤ ወደ እኔ ቤት እንዲዛወሩ ብለምናቸው ቤቴን ለፕላስቲክ አልተውም አሉ። ሲያስሉ እሰማለሁ፤ እሳቸውም እኔ ሳቃስት ይሰሙና በማግሥቱ ወገቤን ይጠይቁኛል። ዝናብ ሳይገባ ግድግዳው ካልቆመ ፕላስቲኩ ቤቱን እንደማያድነው ሁለታችንም እናውቃለን።

ደቦ እንውጣና እንሥራላቸው ብለን ነበር። እንጨቱ ተቆርጧል፤ ጭዱ ተከምሯል፤ አፈሩም ተቆፍሯል። ቤት ሲሠራ ግን ጭቃውን መጀመሪያ የሚረግጠው ማን እንደሆነ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። እሳቸውም ወሰኑ። “ጋሩማ ይርገጥ” አሉ። ሐሳባቸውን እንዲለውጡ ሽማግሌ ላክንባቸው፤ ከቃላቸው ንቅንቅ አላሉም። እርስዎ ካልረገጡ የማንም እግር እንደማይገባበት፣ ገንዘብም ይቅርታም እንደማይፈልጉ፣ እግር ብቻ እንደሚፈልጉ ደጋግመው ነግረውናል። በእርሻ ማሳቸው በኩል ደመና ሲያዩ እኔን ሳይሆን ጭዱን ያያሉ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የሥልጠናና የስብሰባ ጊዜዎ ቢፈቅድ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት፣ ጫማዎን ከደጃፍ አውልቀው እንዲገኙልን በታላቅ ትሕትና እንጠይቃለን። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ይጠብቅዎታል፤ ማንም ምንም አይናገርም።

ለቧንቧዎቻችን ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ለሚያሳዩን ርኅራኄም አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ፣
ከፕላስቲኩ ወዲህ የምኖር ጎረቤትና ታዛዥ አንባቢ፣
ሠርፀ መሸሻ

ማስታወሻ፦ የጠዋት ጭቃ ይቀዘቅዛል። አዴ ድርቤ ቡሉኮውን አጥበው አድርቀው፣ ከጭቃው ሲወጡ እግርዎን እንዲጠቀልሉበት አስቀምጠውልዎታል። ድምፅ እንደሚያፍን ግን አይተናልና፣ ወደ ጆሮዎ እንዳይደርስ አደራ።