እህል ያላቸውን ብቻ ስለሚገድለው ርሀብ

ለተከበሩ የፖሊስ ጣቢያችን አዛዥ፦

ጌታዬ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ በማርያም ይሁንብዎ፣ በሚያምኑት ሁሉ፣ የዛሬን እንኳ ይመኑኝ። ጤናዎ እንዴት ከረመ? ሆድዎስ ደህና ነው? እኛ የዋጃ ሰዎች እየሞትንም ስለ ሆድዎ እናስባለን። እኔ ሙሚና ነኝ፣ ባለፈው ሰኞ ከደጅዎ ያባረሩኝ። ሁለተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ፊደሌ ቢጣመም ይለፉኝ። ይሄን ለርስዎ በጭነት መኪና ሹፌር ልኬ፣ ሌላውን ግልባጭ ሰው ሁሉ እንዲያየው ገበያው ዋርካ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ ምስጋና ነው። የዓሊማን ጀናዛ ለቀብር ሳጥብ አንገቷ ላይ የጣት ምልክት አየሁ ብልዎ፣ በዚህ ዓመት የሞተን ሁሉ የገደለው ርሀብ ነው አሉኝ። እሺ ርሀብ ብለው ይጻፉልኛ ስልዎ፣ ርሀብ ብሎ መጻፍ ክልክል ነው አሉኝና በሽታ ብለው ጻፉ። ጣት ያለው በሽታ ስላገኙልን እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ ይሄ የርስዎ ርሀብ እህል የሌለውን ትቶ እህል ያለውን ብቻ ነው የሚገድለው። መጀመሪያ ዘሀራ የእርዳታ ማሽላ በተቀበለች ማግስት ሞተች፣ ዓሊማም በተቀበለች ማግስት ሞተች፣ ስልቻቸውም አብሯቸው ሞተ መሰለኝ ጠፋ። የዓሊማን ስልቻ፣ እኔው በቀይ ክር የጣፍኩትን፣ የመጋዘኑ ዘበኛ ካሳው ተሸክሞት አየሁ። አሁን ሰው ማሽላ ሲሰጡት ይፈራል፣ እናት ልጇ እያለቀሰባት ወረፋዋን ጥላ ትሄዳለች።

ሦስተኛ፣ ሽማግሎቹ ዝም በይ አሉኝ። ካመለከትን ገዳዩ እስኪወጣ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ አውጫጭኝ ተቀመጡ እንባላለን፣ በዚህ ባዶ ሆዳችን ተቀምጠን የምንነሳ ስንት ነን አሉ። ለርስዎም ተመቸዎት።

አራተኛው የራሴ ነው። የዘሀራን ጀናዛም ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ያንኑ የጣት ምልክት አይቻለሁ። ጀናዛ ያጠበ ያየውን ይሸፍናል ተብዬ ስላደግኩ ሸፈንኩት፣ ከፈኑን ጥብቅ አደረግኩት። ያን ቀን ብናገር ዓሊማ ዛሬ ነበረች። እኔ ለሟች ክብር ብዬ ነው የደበቅኩት፣ እርስዎ ለማን ብለው ነው?

ደመወዝዎ አይጓደል፣ እንቅልፍዎ አይረበሽ፣ መዝገብዎ እንደነጣ ይኑር የምልዎ፣ እግርዎ ስር የወደቅኩ ታዛዥዎ ሙሚና።

የረሳሁት፦ ዛሬ ጠዋት ማሽላ ሰጡኝ። ካሳው ራሱ ነው የሰፈረልኝ፣ «እህትዓለም፣ በርሽ መቀርቀሪያ አለው?» ብሎም ጠየቀኝ። ከርስዎ ይልቅ እሱ አሰበልኝ። መቀርቀሪያ የለውም። አቶ አባይ ሆቴል ስልኩ አጠገብ ስልቻዬን አቅፌ ተቀምጫለሁ፣ ሲመሽ ይዘጋሉ፣ ያስወጡኛል። ከወዲሁ በሽታ ብለው ጽፈውኝም እንደሆነ ይንገሩኝ፣ ካልጻፉኝ ግን በልጆችዎ ይሁንብዎ፣ ሳይመሽ ይደውሉልኝ።