«ተሟልቶ ደርሶኛል» ብዬ ስለማልፈርምበት የቪአር መነጽር

ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አባይነህ
የእማማ ሥርጉት ተወላጆች መረዳጃ ማህበር ሰብሳቢ
ኮተቤ

ጉዳዩ፦ በርክክብ ቅጽ ላይ እንድፈርም ለሦስተኛ ጊዜ ስለተሰጠኝ ማሳሰቢያ

ክቡር ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎን እመኛለሁ፤ ስኳርዎ በልኩ፣ ጉልበትዎም ደህና እንደሆነ፣ የማህበራችን ማህተምም እንደወትሮው ከደረት ኪስዎ እንዳልተለየ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የታናሽ እህትዎ ልጅ ፊልሞና፣ መሪ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከንዴቴ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

«ዕቃው በጠየቅሁት መሠረት ተሟልቶ ደርሶኛል» በሚለው ቅጽ ላይ እንድፈርም የላኩልኝ ማሳሰቢያ ደርሶኛል። ያለ እኔ ፊርማ የዘንድሮው ፋይል እንደማይዘጋ፣ ፋይሉ ካልተዘጋም እርስዎን እንቅልፍ እንደማይወስድዎ አውቃለሁ። የማልፈርምበትን ምክንያት ግን ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን በማህበሩ ቴሌግራም ላይ ላሉት መቶ አርባ ዘመዶቻችን ጭምር በትህትና እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ።

ማህበራችን በየዓመቱ ለአንድ ወጣት ተወላጅ የማበረታቻ ስጦታ ይሰጣል፤ ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ። ታኅሣሥ ላይ የምፈልገውን በጽሑፍ እንዳቀርብ ሲያዙኝ፣ እኔ ሞኟ ከልቤ አቀረብሁ። የኮምፒውተር ጌም እንደምሠራ፣ ለዚሁ የሚሆን ጉልበተኛ ኮምፒውተር በየቁራጩ እየገዛሁ ቤቴ ውስጥ እንደገጣጠምሁ፣ የጎደለኝ የቪአር መነጽር ብቻ እንደሆነ ጻፍሁ። ይህ መነጽር ዓይን ላይ ታስሮ ሰውን ጌሙ ውስጥ የሚያቆም ዕቃ ነው። የእኔ ጌም ማልዶ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መሃል ቁልቁል ስለሚሮጥ ሯጭ ነው፤ ውጭ አገር ያለ አንድ ድርጅት ወዶት፣ በመነጽር ሞክሬ አስተካክዬ እስከ ግንቦት 30 ከላክሁለት ሊቀጥረኝ ቃል ገብቶ ነበር። በስክሪን ሲያዩት ለጥ ያለ የሚመስል መሬት፣ ውስጡ ለቆመ ሰው ይዘምም እንደሆነ መነጽሩን ሳያጠልቁ ማወቅ አይቻልም። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ሥራ በዚህ ዕቃ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር በማመልከቻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው ጽሑፍ እንደማያነቡ ስለማውቅ ነው።

1. መነጽሩን እኔ እንዳልመርጥ ስለከለከሉኝ አመሰግናለሁ። «ተጠቃሚው ራሱ ከመረጠ የጥቅም ግጭት ነው» ማለትዎ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በግዥ ኃላፊነት የኖረ ሰው ብቻ ሊያስበው የሚችል ጥንቃቄ ነው። የትኛው መነጽር በገመድ ከኮምፒውተሬ ጋር እንደሚገናኝ፣ የትኛው የእጅ መቆጣጠሪያ እንዳለው፣ የትኛው ሌንሱ እየተገፋ በሁለቱ ዓይኖቼ መካከል ላለው ርቀት እንደሚስተካከል፣ የትኛውስ በጠባብ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ተጨማሪ መሣሪያ መቸንከር እንደማይፈልግ በሁለት ገጽ አነጻጽሬ፣ በፖስታ አሽጌ አያይዤ ነበር። ባለፈው ወር ፋይሉን ሳገላብጥ ፖስታውን እንዳሸግሁት አገኘሁት። ሰነድ እንዲህ ሳይነካ የሚጠበቅበት መዝገብ ቤት አይቼ አላውቅም።

2. በእኔ ምትክ የሚመርጥ የቴክኒክ ኮሚቴ ስላቋቋሙልኝም ምስጋናዬ ይድረስዎ። እርስዎ ሰብሳቢ ሆኑ፤ ጉዳዩ ዓይንን ይመለከታል በሚል የመነጽር ሱቅ ያላቸው ጋሽ ወልደሰንበት ባለሙያ ተባሉ፤ ከኮተቤ መገናኛ በሚኒባስ ሲሄዱ እንኳ የሚያጥወለውላቸው እትዬ የማርያምወርቅ ደግሞ የተጠቃሚዎች ተወካይ ሆኑ። ጋሽ ወልደሰንበት ዓይኔን በነጻ መርምረውልኛል፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። የቪአሩ ፍሬም በወርቃማ ይቀየር እንደሆነም ጠይቀዋል፤ እግዜር ይስጣቸው።

3. ኮሚቴው ሳያይ የማይወስን መሆኑ የሚያስመሰግን ነው። መገናኛ አንድ ሱቅ ውስጥ እትዬ የማርያምወርቅ እኔ ከጠየቅሁት ዓይነት አንዱን አጥልቀው፣ ገደል አፋፍ ላይ የቆሙ ሲመስላቸው «ኧረ በወላዲቷ!» ብለው የባለሱቁን ክራቫት አንቀው ያዙ። እኔ አጠገባቸው ነበርሁና ደስ አለኝ፤ መነጽሩ ሥራውን ሠራ ማለት ነው። ቃለ ጉባኤው ግን «ዕቃው በሰው ላይ ድንጋጤ የሚፈጥር ሆኖ ስለተገኘ ውድቅ ተደርጓል» ይላል። በምትኩ የመረጣችሁልኝ ስልክ የሚሰካበት የፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ ከኮምፒውተር ጋር በምንም መንገድ አይገናኝም። ማንንም ስላላስደነገጠ በደኅንነት መስፈርት ሙሉ ነጥብ አገኘ፤ ቻርጅ ስለማይፈልግ ደግሞ መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ተመራጭ ተባለ። ከመቶ ዘጠና አራት አመጣ። እኔ ተማሪ ሆኜ እንዲህ ያለ ውጤት አምጥቼ አላውቅም።

4. ደንባችን ከሦስት ሻጮች ለሚጠይቀው የዋጋ ማቅረቢያ፣ ለሦስቱ ፕሮፎርማ ግን ምን ብዬ እንደማመሰግን ቃል አጣሁ። አያት ሰፈር የሚኖረው ጓደኛዬ ሊሊሳ፣ ያንኑ የምፈልገውን መነጽር ከውጭ አምጥቶ ሊሸጠው ነበር፤ የንግድ ፈቃድና ማህተም ስለሌለው ከውድድሩ ወጣ። ሕግ ሕግ ነው፤ አልተከራከርሁም። ከዚያ ግን ሦስቱንም ፕሮፎርማ ያው የመገናኛው ባለሱቅ ራሱ አሟላልዎ፤ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቹ ማህተም ያረፈባቸው ባዶ ወረቀቶች ተቀብሎ፣ ሦስቱንም በአንድ እስክሪብቶ በአንድ እጅ ሞልቶ፣ እርስዎ ሻይዎን ጠጥተው ሳይጨርሱ አስረከበዎት። በቃለ ጉባኤው ላይ «ውድድሩ ብርቱ ነበር» የሚል አንብቤአለሁ።

5. ስልኬ ሣጥኑ ውስጥ አይገባም።

ይህ ሣጥን ግንቦት 24 በተደረገው ስብሰባ ላይ በጭብጨባ ተሰጠኝ። ዘመድ ፊት ላለማልቀስ ሳቅሁ፤ ፎቶውን አሁንም ቴሌግራሙ ላይ ታገኙታላችሁ። መነጽሩን ቀደም ብዬ ከሊሊሳ እንዳልዋስ፣ አምስት ወር ሙሉ «ግዥው በሂደት ላይ ነው» የሚለው ቃልዎ ይዞኝ ነበር፤ የአጎቴን ቃል አመንሁ። ስድስት ቀን ሲቀረኝ ብደውልለት ክፍለ አገር ሄዷል። ስለዚህ ጌሙን ሳልሞክረው ላክሁት። «ሥራሽ ያምራል፤ ነገር ግን ከሞከሩት አራት ሰዎች ሁለቱን አስመልሷቸዋል» የሚል መልስ መጣልኝ፤ ቦታውንም ለሌላ ሰው ሰጡት።

ሊሊሳ ሰኔ አጋማሽ ላይ ተመልሶ ነገሩን ሲሰማ፣ መነጽሩን በፌስታል አድርጎ «ስትጨርሺ ትመልሽልኛለሽ» ብሎ ሰጠኝ። ኮሚቴ የለ፣ ፕሮፎርማ የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ። አጥልቄ ኮምፒውተሬን ከፈትሁ፤ ሦስት ዓመት የሠራሁትን እንጦጦ ያን ቀን ገና ውስጡ ገብቼ አየሁት። ባሕር ዛፎቹ ከላዬ ከፍ ብለው ቆመዋል፤ ጭጋጉም እንዳሰብሁት ነው። የሯጩ ዓይን ግን ጉልበቱ አካባቢ ሆኖ ተቀምጧል፤ መሬቱም ወደ ግራ ዘምሟል። ስህተቱን ለማየት ጥቂት ደቂቃ፣ ለማስተካከል አንድ ከሰዓት በኋላ በቃኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሼ! መነጽሩን ሳላወልቅ ተቀምጬ አለቀስሁ። በጨዋ ቋንቋ ለመጻፍ ብዙ ሞክሬአለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አቅቶኛል።

ስለሆነም ቅጹን አልፈርምም። ቃሉ «ያልጠየቅሁትና ከኮምፒውተሬ ጋር የማይሠራ ዕቃ ተጨብጭቦ ተሰጥቶኛል» ተብሎ ከታረመ ግን፣ ዛሬውኑ ኮተቤ ድረስ መጥቼ በሦስት ኮፒ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ። ሣጥኑንም ይዤው እመጣለሁ፤ ለእትዬ የማርያምወርቅ የሚስማማ ሆኖ ስላገኘሁት ለእሳቸው እንዲሰጥ እጠይቃለሁ።

ለመተዳደሪያ ደንባችን ካለኝ ወሰን የሌለው አክብሮት ጋር፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቴክኒክ ኮሚቴው ረጅም ዕረፍት እየተመኘሁ፣ ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ።

የእህትዎ ልጅ
ፊልሞና ሰሎሞን
(ሆን ተብሎ ያልተፈረመበት)

ተጨማሪ፦ የመጪው ዓመት ስጦታ ለሌላው አጎቴ ልጅ ለሀሴት የጆሮ መስሚያ መሣሪያ እንዲሆን በመወሰኑ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ ልጅቷ ያለ እሱ ትምህርቷን መከታተል አልቻለችም። ያው ኮሚቴ እንደሚመርጥላት፣ ሦስት ፕሮፎርማም መሰብሰብ እንደተጀመረ ባለፈው እሑድ በስብሰባው ላይ ነግረውናል። ትናንት የለጠፉትን ቃለ ጉባኤ አንብቤዋለሁ፤ የመጨረሻው መስመር «ተጠቃሚዋ በስብሰባው ላይ ተገኝታ ተቃውሞ አላቀረበችም» ይላል። እውነት ነው፤ አጠገቤ ነበር የተቀመጠችው። ሁላችንም ልንወጣ ስንነሳ እጅጌዬን ይዛ «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።