በ214 ቁጥር ክፍል ብቻ ስለተበላሸው ኢንተርኔት

ይድረስ ለተከበሩት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ መግቢያ አዳራሽዎ ወለል የሚያብረቀርቅ፣ እንቅልፍዎም እንደ አባቴ እንቅልፍ በምንም ነገር የማይቋረጥ ይሆን ዘንድ ምኞቴን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

አቤቱታዬን ከማሰማቴ በፊት የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። በእንግዳ መቀበያው ባንኮኒ ላይ «ለአንድ እንግዳ አንድ» የሚል ከተጻፈበት ሳህን ውስጥ ከሰኞ እስከ ዛሬ አርብ ድረስ አሥራ አንድ ከረሜላ ወስጃለሁ። አሥሩን የወሰድኩት እርስዎ ስለ ኢንተርኔቱ ሲያስረዱኝ ነው፤ ማብራሪያዎ ረዘም ስለሚል ትዕግሥቴ እንዳያልቅ ብዬ። አሥራ አንደኛውን ግን ያለ ምንም ምክንያት፣ እያወቅኩ፣ በንጹሕ ሌብነት ወስጃለሁና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እኔ የ214 ቁጥር ክፍል ታናሿ እንግዳ ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ አምስት ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል ቤተሰቦቼ ፌንጣ ይሉኛል። አባቴ ቀያሽ ነው። በአዳራሽዎ በሚሰጠው የአምስት ቀን የቀያሾች ሥልጠና ላይ ሊገኝ ሲመጣ፣ እናቴ ለሥራ ሌላ ከተማ ስለነበረች እኔንም እንደ ሻንጣ ይዞኝ መጣ።

መቅረት ግን እችል ነበር። የቡድናችን አለቃ፣ ማለትም ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ፣ እነሱ ቤት እንድሰነብት እናቷን አስፈቅዳልኝ ነበር። ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኢንተርኔት ለሚካሄደው የትምህርት ቤቶች የሂሳብ ውድድር የመጨረሻ ዙር ስምንት ወር ሙሉ ተዘጋጅተናል፤ ደንቡም ከሦስቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ ከጎደለ ቡድኑ በሙሉ ይሰናበታል ይላል። ስለዚህ ከመወሰኔ በፊት ወደ ሆቴልዎ በእናቴ ስልክ ደወልኩ። ያነሱት እርስዎ ነበሩ። ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት አለ ወይ ብዬ ስጠይቅዎ፣ ከአልጋሽ ሳትነሺ ትጠቀሚያለሽ፣ ልጄ፣ አሉኝ። ያሞኘችኝ ያቺ «ልጄ» የምትለዋ ቃል ናት። ለአለቃችንም፣ አታስቢ፣ ሰውዬው ቃል ገብተውልኛል አልኳት።

አሁን ወደ ነጥቦቼ ልግባ።

1ኛ. እሑድ ከሰዓት በኋላ እርስዎና አባቴ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንደዚያ መዋደዳችሁ እጅግ አስደስቶኛል። እኔ ሻንጣው ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ እናንተ ባንኮኒው ላይ ተደግፋችሁ፣ የዛሬ ልጆች ከስልክ ጋር ተጋብተዋል እያላችሁ አብረው እንዳደጉ ሰዎች ስታወሩ እሰማ ነበር። ከዚያ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ወደ እኔ ዞራችሁ ሳቃችሁ። ቆንጆ ልጅ አለችህ እያሉት መስሎኝ እኔም ፈገግ አልኩላችሁ። ያንን ፈገግታዬን እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ።

2ኛ. ሰኞ ዕለት ዝናቡ ነው አሉኝ። ማክሰኞ ዝናብ ስላልነበረ ግድግዳው ነው አሉኝ፤ ሕንፃው ጠንካራ በመሆኑ ሞገዱን አያሳልፍም አሉ። በዚህ ጥንካሬ ከልብ እንደኮራሁ ይወቁልኝ። ሆኖም ያው ግድግዳ የጎረቤታችንን የመድኃኒት ነጋዴ ማስነጠስ አንድ በአንድ ያሳልፍልን ነበር። ነጋዴው ደግ ሰው ነው፤ የእሱን የይለፍ ቃል እንዲያውሰኝ ለምኜው ነበር። ነገር ግን በሆቴልዎ አሠራር ለእያንዳንዱ ክፍል የሚሰጠው የይለፍ ቃል ወረቀት ከሁለት ስልክ በላይ አያስገባም፤ እሱ ደግሞ ሁለት ስልክ አለው። የእኔ ስልክ አባቴ ጥሎት ያነሳሁት አሮጌ ነው፤ ሲም ካርድ የለውም፤ የሚተነፍሰው በዋይፋይ ብቻ ነው።

3ኛ. ስለ ቴክኒሻንዎ። ይህን ነጥብ ላሳጥረው ሞክሬ አቅቶኛል። ረቡዕ ዕለት ውድድሩን፣ ሰዓቱንና ደንቡን በዝርዝር ስነግርዎ፣ ራሴን ዳበስ አድርገው፣ አይዞሽ፣ ባለሙያ እልክልሻለሁ አሉኝ። ላኩም። ሰውዬው ኮሪደሩ ላይ ወንበር አቁሞ ወጣና ጣሪያው ላይ ያለችውን ነጭ ሳጥን በመፍቻ ከፈታት። አየት፣ እፍ፣ ተነፈስ አደረገና መልሶ ገጠማት፤ መለዋወጫው ከሩቅ ነው የሚመጣው አለኝ። ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ስለነበር እንዳይወድቅ በሁለት እጄ ደግፌ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሲወርድም ላቡን የሚጠርግበት ሶፍት ሰጠሁት። ያልተበላሸ ነገር ለመጠገን ይህን ያህል ላብ የሚያፈስ ሠራተኛ ማግኘት መታደል ነውና እንኳን ደስ አለዎት።

4ኛ. ሐሙስ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ደብተሬን ታቅፌ ባንኮኒዎ ፊት ቆምኩ። ከተማው በሙሉ ተቋርጧል አሉኝ። አጠገባችን ሶፋው ላይ ያለው ሰው ስልኩን እያየ ይስቅ ነበር፤ እሱ ቀድሞ ያወረደው ነው አሉኝ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ወደ ሥልጠናው አዳራሽ ሮጥኩ። ዘበኛው አላስገባ ሲለኝ በበሩ መስታወት በኩል ለአባቴ ሁለት እጄን እያወዛወዝኩ ምልክት ሰጠሁት። እሱም ሰላምታ መስሎት እጁን አወዛወዘልኝ፤ አጠገቡ ላለው ሰውም ልጄ ናት እያለ ሳያሳየው አልቀረም።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ጥቂት ልበል። በዚህ ሳምንት መታጠቢያ ቤት መቆየት አብዝቶ ነበር። አርባ ደቂቃ ቆይቶ ፀጉሩ ሳይረጥብ ይወጣል፤ የዓለምን ወሬ ሁሉ ግን አውቆ ይወጣል። አንድ ቀን በበሩ ሥር የኳስ ተንታኝ ድምፅ ሰምቼ ብጠይቀው፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ነው አለኝ። አመንኩት። አባቴ ነዋ።

5ኛ. ዛሬ ጠዋት ከፈቃድ የተመለሰችው እንግዳ ተቀባይዋ ገና ሥራ ስትጀምር ሄጄ ጠየቅኳት። የ214ን ወረቀት ቆርጣ ሰጠችኝ። ከዚያ ልትመዘግብ መዝገቡን ስትገልጥ ፊቷ ተለዋወጠ። የተገለበጠ ጽሑፍ ማንበብ አስተማሪዎች ጠረጴዛ ፊት ቆሜ የለመድኩት ሙያ ስለሆነ፣ በእርስዎ ውብ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈውን እንዲህ አነበብኩ፦

«214፦ ልጅቷ ስትጠይቅ ተበላሽቷል በሏት። አባትየው ለምነውኛል። የእሳቸው ስልክ ይሠራል።»

ኢንተርኔቱ ወዲያው ገባ። ያውም እንዴት ፈጣን ነው፤ ሠላሳ አንድ መልእክት በአንድ ትንፋሽ ነው ያወረደልኝ። የመጀመሪያዎቹ የት ነሽ ይላሉ። ቀጥሎ ሁለታችን ገብተናል፣ አንቺን ብቻ እየጠበቁ ነው፣ አምስት ደቂቃ ጨምረውልናል ይላሉ። የመጨረሻው የአለቃችን ነው፦ «ቃል ገብተውልኛል ብለሽኝ ነበር።» ከዚያ በኋላ የጻፍኩላትን ሁሉ አንብባ የላከችልኝ የአዘጋጆቹን ማስታወቂያ ብቻ ነው።

አባቴን እጅ ከፍንጅ ይዤ ስጠይቀው፣ ለአንቺ ብዬ ነው አለኝ። ውድድር ስትይ የስልክ ጨዋታ መስሎኝ ነው አለኝ። ቤት ሳለን ሦስት ጊዜ ነግሬው ሦስቴም እሺ ማለቱን ሳስታውሰው፣ ያኔ ሬዲዮ እየሰማ እንደነበር እሱም በበኩሉ አስታወሰኝ። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባ።

6ኛ. የመጨረሻውና ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ጉዳይ ይህ ነው። የውድድሩ አዘጋጆች እስከ ነገ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ቀን ሰጥተውናል። ያልተገኘሁት በራሴ ጥፋት እንዳልሆነ አንድ አዋቂ ሰው በፊርማው ከመሰከረ፣ ሦስታችንም ሰኞ እንደገና እንፈተናለን። ወረቀት ይዤ ቢሮዎ ስመጣ ምን እንዳሉኝ አይረሱትም ብዬ አምናለሁ፤ ሆቴላችን ኢንተርኔት ተቋርጦበት አያውቅም፣ ተቋረጠ ብዬ ብፈርም ስማችን ይጠፋል አሉኝ። እንግዲያውስ ሆን ብለን ከልክለናት ነው ብለው ይፈርሙልኝ ብልዎ፣ እሱማ የባሰ ነው አሉ።

ክቡርነትዎ፣ እኔ የተማርኩት ሂሳብ ብቻ ነው። በሂሳብ አንድ ነገር ተበላሽቷል ወይም አልተበላሸም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በአፍዎ የተበላሸ፣ በወረቀት ሲሆን ግን አንድም ቀን ያልተበላሸ ኢንተርኔት እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡልኝ በአክብሮት እለምናለሁ፤ የቱንም ቢመርጡ አልከራከርም፤ ፊርማው ብቻ እስከ ስድስት ሰዓት ይድረስልኝ። ጓደኞቼ እኔን ብለው ነው የጠበቁት። እኔ ደግሞ እናንተን ሁለታችሁን ብዬ ነው የመጣሁት።

ለላቀ መስተንግዶዎ፣ ለታጠፉት ፎጣዎች፣ ራሴን ለዳበሱበት እጅዎና «ልጄ» ስላሉኝ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ወደፊት የትም ሆቴል ስገባ ሰው ከማመኔ በፊት እርስዎን እንደማስታውስ ቃል እገባለሁ። ቃሌ ደግሞ በአፍም በጽሑፍም አንድ ነው።

በታላቅ አክብሮትና በተሰበረ ቅስም፣
የ214 ቁጥር ክፍል ታናሿ እንግዳ

ግልባጭ፦
ለቴክኒሻኑ፣ ወንበሩ ላይ
ለአባቴ፣ መታጠቢያ ቤት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ስጨርስ መግቢያው ላይ «ፈጣን ኢንተርኔት በሁሉም ክፍሎች» ከሚለው ማስታወቂያዎ ሥር እለጥፈዋለሁ፤ ያ ማስታወቂያ ውሸት ስላልሆነ እንዳያነሱት አደራ። ከታች አንድ ባዶ መስመር ትቻለሁ። በዚህ ሆቴል ውስጥ ስሙን ከእውነት አጠገብ መጻፍ የማይፈራ አዋቂ ከተገኘ ይፈርምበት፤ ካልተገኘም ባዶውን መስመር እንዳለ ለጓደኞቼ አሳያቸዋለሁ፤ እነሱ ምን ማለት እንደሆነ —

አባቴ ከኋላዬ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም፤ አተነፋፈሱ ግን አምስተኛውን ነጥብ ማለፉን ይናገራል።

«ፌንጣ» አለኝ ባዶውን መስመር በጣቱ እየነካ፤ «እስክሪብቶውን አምጪው።»