ሐሙስን አላውቀውም

ይድረስ ለምሳሳልህ አባቴ፣

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? ወገብህስ? ጠዋት ስትነሣ አሁንም ግድግዳ ተደግፈህ ነው ወይስ ለቀቅ አደረገህ? ሳሉስ ተወህ? እማዬ በስልክ ደህና ነው ብላኛለች፤ እሷ ግን አልጋ ላይ ብትውልም ደህና ነው ነው የምትለው፣ ስለዚህ አንተው ጻፍልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ የሚያስቸግረኝ ናፍቆትህ ብቻ ነው።

ሥራዬን እንደማትወድልኝ አውቃለሁ። ሬዲዮ ጣቢያ ገብቼ የሳምንቱን የአየር ሁኔታ አነባለሁ ያልኩህ ቀን፣ ከውሸታሞቹ ጋር ተቀላቀልሽ ብለህ ስልኩን ለእማዬ ሰጠሃት። አልተቀየምኩህም። ሬዲዮው ሳምንቱ ደረቅ ነው ብሎህ ያሰጣኸው ጥሬ ጡብ በአንድ ከሰዓት ዝናብ ጭቃ ሲሆን አጠገብህ ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጡብ አልሠራህም፤ የሰው መጋዘን ጠባቂ ሆነህ ቀረህ።

አሁን ስማኝ። እዚህም አንድ ጡብ ሠሪ አለ፣ እንዳንተ ቁጡ፣ እንዳንተ ጭቃውን በአውራ ጣቱ እየጫነ የሚያናግር። ከወር በፊት አንድ እሁድ ጣቢያው ድረስ መጣና አራት ሺህ ጡብ በማግስቱ ሊያሰጣ እንደሆነ፣ ይሄ ከተበላሸበት ግን ሙያውን ጥሎ ለቀን ሥራ ሌላ ከተማ እንደሚሄድ ነገረኝ። ይዘንባል አይዘንብም፣ እውነቱን ንገሪኝ አለኝ። አንተን ያየሁ መሰለኝ።

የትንበያው ወረቀት እስከ ሐሙስ ደረቅ፣ ዓርብ ነፋሻማ ይላል። ወረቀቱን የላከችልን ባለሙያ ዘንድ ስደውል ግን ሐሙስን እሷም እንደማታምነው ነገረችኝ፤ አንዱ ስሌት ዝናብ፣ ሌላው ፀሐይ እያለባት፣ ባዶ መተው ስለማይቻል ደረቅ ብላ ሞላችው። አለቃዬ ደግሞ አድማጭ የሚፈልገው ቁርጡን ነው ይላል። ልቤ እሺ አላለኝም። ማይክሮፎኑ ሲከፈት ሰኞ ደረቅ፣ ማክሰኞ ደረቅ፣ ረቡዕም ደረቅ አልኩና፣ ሐሙስን ግን አላውቀውም፤ ያሰጣችሁት ነገር ካለ መሸፈኛ አዘጋጁ ብዬ ጨረስኩ።

ጉድ ፈላ! አለቃዬ ዘጋኝ። ከተማው "አላውቅም" የሚል ስም አወጣልኝ፤ ዳቦ ሻጯ እንኳ፣ አላውቅም መጣች፣ ዳቦ መፈለግሽንስ ታውቂያለሽ ወይ እያለች ታሾፍብኛለች። ረቡዕ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ፤ ሐሙስ ጠዋትም እንዲሁ። የሰው ዓይን ማየት አፈርኩ። ጡብ ሠሪው ግን ረቡዕ ከሰዓት፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሳቀበት፣ ከሚስቱ ጋር ሆኖ ጡቡን በሸራና በአሮጌ ቆርቆሮ ሸፍኖት ነበር።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ዘነበ። ሩብ ሰዓት ብቻ ነው አባዬ! ለጥሬ ጡብ ያ እንደሚበቃው ከኔ በላይ ታውቃለህ። እየሮጥኩ ሄድኩ። ሸራውን ሲገልጠው አንዲትም አልተነካች። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ለሱ ብቻም አልነበረም።

ትናንት ጡቡ ምድጃ ውስጥ ተቃጥሎ፣ ጠንክሮ ወጣ፤ አንዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ሰው እንዴት በሬዲዮ አላውቅም ይላል፣ ከማን ተማርሽው ብሎ ጠየቀኝ። ያንተን ጡብ ነገር አጫወትኩትና፣ ያኔ አንድ ሰው አላውቅም ብሎት ቢሆን አባቴም ይሸፍነው ነበር አልኩት። ጡቡን በጋዜጣው መልሶ ጠቀለለና፣ እንግዲያው ይሄ የሱ ነው፣ ላኪለት አለኝ። ደብዳቤውን የሚያመጣልህ ሾፌር ይዞታል፤ ከባድ ነው፣ በወገብህ እንዳታነሣው።

እማዬን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ምን ነካው ካለች እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ወንድሜን መጻፍ ጣት አይቆርጥም በለው። ሚስቱንና ያን ጥርሰ ወላቃ ልጃቸውንም ሳምልኝ።

ጡቡን ጓዳ እንዳትደብቀው፣ አባዬ። ደጅ፣ ያኔ እዚያ የቆምንበት ቦታ አስቀምጠው። ይዝነብበት፤ ከእንግዲህ ምንም አይሆንም።

ልጅህ "አላውቅም"
ከጣቢያው የጓሮ ክፍል፣ ጥር 19 ቀን